ወባ ማንን አጥብቆ ይይዛል? ነባር ሕዝቦች፣ ሰፋሪዎችና የትንኟ ሰዓት

የኔፓል ደገኞች ድሮ ከተራራቸው ወደ ደቡቡ ቆላ የሚወርዱት በብርዱ ወራት ብቻ ነበር። ሙቀቱና ዝናቡ ሳይደርስ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ላይ ይመለሳሉ። ታራይ የሚባለው ይህ ቆላ ከሕንድ ጋር የሚዋሰን፣ ደን የለበሰ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ለም ነው፣ ውሃ ሞልቶታል፤ ግን «አውል» አለበት። አውል አባቶቻችን ንዳድ የሚሉት የቆላ ትኩሳት ነው፤ ዛሬ ወባ የምንለው። ደገኛ በሙቀቱ ወራት እዚያ ማደሩ ሞትን መጥራት ነው ይባል ነበር። በዚያው ደን ውስጥ ግን የታሩ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት አርሷል፣ ዓሣ አጥምዷል፣ ልጅ አሳድጓል።

በ1950ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ዲዲቲ በታራይ መንደሮች ይረጭ ጀመር። በ1958 የአገሪቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ወባው ሲቀንስ ደገኛው በገፍ ወረደ፤ ደኑ ተመነጠረ፤ መሬቱም በመዝገብ ላይ በአዲስ መጪዎች ስም ሰፈረ። ፊደል ያልቆጠረው ታሩ የአያቱን ማሳ ለሌላ ሰው እያረሰ ዕዳ ውስጥ ገባ። በምዕራብ ታራይ ብዙ ቤተሰቦች «ካማያ» በሚባል የዕዳ ጭሰኝነት ተይዘው ቆይተው መንግሥት ነጻ ናችሁ ያላቸው በ2000 ነው። ወባ ለታሩ አጥር ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ወባን ማጥፋት አይገባም ነበር ማለቴ አይደለም፤ የታሩም ልጆች በወባ ይሞቱ ነበር። አጥሩ ሲፈርስ በምትኩ የመሬት ሕግ አልቆመላቸውም ነው የምለው።

ስለ ነባር ሕዝቦችና ስለ ወባ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ነባር ሕዝቦች ከሌላው ይበልጥ ለወባ የተጋለጡ ናቸው» የሚል። ብዙ ቦታ ላይ እውነት ነው። ታራይ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ አማዞን ውስጥም፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ከነባሩ ይልቅ ሰፋሪው የተፈጀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጥያቄውን «ማን ይበልጥ ይጋለጣል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት መጋለጥ ራሱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቃሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን አጭቆ ይዟልና።

ንክሻ፣ ተውሳክ፣ ሕመም፣ ሞት

የመጀመሪያው ተውሳክ በተሸከመች ትንኝ መነከስ ነው። ሁለተኛው ተውሳኩ ደም ውስጥ መገኘቱ ነው። ሦስተኛው መታመም፣ አራተኛው መሞት። አራቱ እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ግን እንደየሰዉና እንደየቦታው ይለያያል። አንድ ማኅበረሰብ በመጀመሪያው ከጎረቤቱ እኩል ሆኖ በአራተኛው አሥር እጥፍ ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያውን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ማታ ማታ በአኖፊለስ ትንኝ ሃያ ጊዜ ይነከሳል እንበል። ከትንኞቹ መካከል ተውሳክ በምራቋ ውስጥ የያዘችው ከሁለት መቶ አንዷ ብቻ ናት እንበል። ሃያ ለሁለት መቶ ሲካፈል አንድ አሥረኛ ይመጣል፤ ይህ ሰው በአማካይ በየአሥር ቀኑ አንድ ጊዜ ተውሳክ በያዘች ትንኝ ይነከሳል ማለት ነው፤ በዓመት ሠላሳ ስድስት ጊዜ ገደማ። አሁን የዚህ ሰው ጎረቤት በሚገባ በተገጠመ አጎበር ውስጥ ተኝቶ አምስት ጊዜ ብቻ ቢነከስ፣ ያው መንደር፣ ያው ወንዝ፣ ያው ትንኝ ሆኖ በዓመት የሚደርስበት ወደ ዘጠኝ ይወርዳል። አጎበር ያለው በዛ ሲል ደግሞ ትንኞቹ ራሳቸው በወጣትነት ይሞታሉ። ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ አሥር ቀን ሳይሞላት የምትሞት ትንኝ ብትነክስም ወባ አታስተላልፍም። የአጎበሩ ትሩፋት ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህን ግልባጭ ልብ ይሏል፤ አጎበር ያልደረሰው መንደር እርስ በርሱም መከላከያ የለውም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። በተደጋጋሚ የተያዘ ሰው ሰውነቱ ተውሳኩን ባያጠፋውም መቻቻል ይለምዳል። ደሙ ውስጥ ወባ አለ፤ እሱ ግን እንጨት ይፈልጣል፣ ዓሣ ያወርዳል፣ አያንቀጠቅጠውም። ይህ የመቋቋም አቅም የሚገኘው በመነከስ ነው፤ መነከስ ሲቀርም ቀስ በቀስ ይከስማል። ትኩሳት ያለበትን ብቻ የሚመረምር የሕክምና ቡድን እንዲህ ያለውን ሰው ጤነኛ ብሎ ያልፈዋል። ትንኟ ግን አታልፈውም።

ሲመሽ የት ነህ?

የወባ መከላከያ መሣሪያዎቻችን የታሰቡት ለአንድ ዓይነት ኑሮ ነው፤ ግድግዳ ያለው ቤት፣ አልጋ፣ በጊዜ መተኛት። ኬሚካሉ የሚረጨው ትንኟ ደም ጠጥታ በምታርፍበት ግድግዳ ላይ ነው። አጎበሩ የተሰፋው በአልጋ ልክ ነው።

አሁን በብራዚልና በቬኔዝዌላ ድንበር ደን ውስጥ ወደሚኖሩት ያኖማሚዎች እንሂድ። ባህላዊ ቤታቸው ትልቅ ክብ መጠለያ ነው። ጣሪያው ዙሪያውን ያዘነብላል፤ መካከሉ ለሰማይ የተከፈተ ሜዳ ነው። ቤተሰብ ሁሉ በጣሪያው ሥር የየራሱ ምድጃና የየራሱ ሐሞክ አለው፤ ሐሞክ በሁለት ምሰሶ መካከል የሚንጠለጠል የክር መኝታ ነው። ርጭት ይዞ የመጣ ባለሙያ የሚረጨው ግድግዳ ያጣል። በአልጋ ልክ የተሰፋ አጎበር ሐሞክ ላይ ቢሰቀል ወይ መሬት ይጎተታል፣ ወይ ከጎን ክፍተት ይተዋል፤ በምድጃው ጭስም ይጠቁራል። ለሐሞክ ተብሎ የሚሰፋ፣ በሁለቱ ጫፎቹ እጅጌ ያለው አጎበር አለ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን አንድ ሰው እዚያ ሄዶ ሰዉ እንዴት እንደሚተኛ አይቶ ካልመጣ ሊታዘዝ አይችልም። የአማዞን ዋነኛ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ ዳርሊንጊ ደግሞ ከቤት ውጭም ትነክሳለች፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት፣ ገና ወንዝ ዳር ሲታጠብ፣ ምድጃ ከብቦ ሲያወጋ ትጀምራለች። አጎበር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያልተኛን ሰው አይጋርድም።

ደቡብ ቬትናም፣ በቀድሞው ኒን ቱዋን ክፍለ ሀገር የሚኖሩት ራግላይዎች ሌላ መልክ ያሳያሉ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ቤት አላቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው መንግሥት ባሰፈራቸው መንደር ውስጥ፣ መንገድ ዳር ያለው ነው፤ ሁለተኛው ጫካ ውስጥ ማሳቸው ላይ የቀለሷት ጎጆ ናት። እህሉ ሲደርስ ከአውሬ ለመጠበቅ ማሳቸው ላይ ያድራሉ። አጎበሩ የታደለው በመንደሩ ነው፤ በመንደሩም ይሠራል። ጫካ ውስጥ የምትነክሰው አኖፊለስ ዲረስ ግን ገና በምሽቱ፣ ከአጎበር ውጭ ታገኛቸዋለች። በመዝገብ ላይ ይህ ቤተሰብ «አጎበር ያለው» ነው። በባንግላዴሽ የቺታጎንግ ኮረብታዎችም ተመሳሳይ ነው፤ ደን እየመነጠሩ በየማሳው የሚያርሱት ማርማ፣ ትሪፑራ፣ ምሮ የመሳሰሉት ሕዝቦች በእርሻው ወቅት ማሳ ላይ ያድራሉ፤ የአገሪቱም ወባ ከአሥር እጁ ዘጠኝ የሚበልጠው በእነዚህ ሦስት የኮረብታ ወረዳዎች ነው።

እንግዲህ «ነባር ሕዝብ መከላከያ አይጠቀምም» ሲባል ስሰማ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ መከላከያው ለማን ተሰፋ?

መጤው ሲፈጅ፣ መጤው ሲያመጣ

በ1970 ብራዚል ውስጥ የተመዘገበው የወባ ሕመም 50 ሺህ ገደማ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ500 ሺህ አለፈ። በመካከል የሆነው ነገር መንገድ ነው። መንግሥት አማዞንን «ሰው የሌለው መሬት» ብሎ ከደቡብና ከሰሜን ምሥራቅ ድሃ ገበሬዎችን አሰፈረ፤ ሮንዶኒያ የሚባለው ክፍለ ሀገር ዋናው ማዕከል ሆነ። እርግጥ መሬቱ ሰው ነበረው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰፋሪው ሲደርስ ዛፍ ይቆርጣል። ጥላው ሲነሳ ውሃው ይሞቃል፤ የተገደበ ጅረት፣ ትራክተር የቆፈረው ጉድጓድ፣ የጫካው ጠርዝ ላይ የቆመ ኩሬ ሁሉ ለዳርሊንጊ መፈልፈያ ይሆናል። ገበሬው ቤት እስኪሠራ በፕላስቲክ ሸራ ሥር ያድራል። የመጣበት አገር ወባ ስለሌለ ሰውነቱ ምንም አልለመደም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፈሩ በሙሉ ይተኛል። ባለሙያዎች ይህን «የድንበር ወባ» ይሉታል፤ ድንበር ሲሉ በደኑና በተመነጠረው መካከል ያለውን መስመር ማለታቸው ነው። ጫካው ርቆ ሲሄድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ክሊኒክ ሲከፈት ወባው ይቀንሳል፤ መስመሩ ግን ወደፊት ይገፋል። እዚህ ላይ ይበልጥ የተጋለጠው ማን ነበር? በብዙ ቦታ ሰፋሪው።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ «ወባ መጤን ይጠላል» ብለን እናልፍ ነበር። መስመሩ የነባሮቹ ደጃፍ ሲደርስ ግን ስሌቱ ይለወጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወርቅ ፍለጋ እስከ 40 ሺህ የሚደርሱ ቆፋሪዎች የያኖማሚን ምድር ወረሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በበሽታና በግድያ ከያኖማሚ ሕዝብ ከአሥሩ አንዱ በላይ እንደሞተ ይገመታል። በ1992 ብራዚል 9.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለሕዝቡ ከለለች፤ ቆፋሪዎቹም ተባረሩ። ከዚያ ቁጥጥሩ ላላ፤ የወርቅ ዋጋ ናረ፤ ተመለሱ። በጥር 2023 የብራዚል መንግሥት በያኖማሚ ምድር የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ 30 ሺህ ገደማ ለሚሆን ሕዝብ 20 ሺህ የሚገመት ሕገ ወጥ ቆፋሪ ምድሩ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት 570 ያህል የያኖማሚ ሕፃናት ሊድን በሚችል በሽታ እንደሞቱ በወቅቱ ተዘግቧል። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ።

ወርቅ ወባን የሚያመጣው በሦስት መንገድ ነው። ቆፋሪው በኃይለኛ የውሃ ቱቦ የወንዙን ዳርቻ ይንዳል፤ ወርቁን አጥቦ ሲሄድ ጉድጓዱ ይቀራል፤ ጉድጓዱ ዝናብ ይሞላል፤ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ይህ አንድ። ቆፋሪው ራሱ ወባ በደሙ ይዞ ከአንድ ካምፕ ወደ ሌላ ይዘዋወራል፤ በድብቅ ገበያ የገዛውን ክኒን ሲሻለው ያቋርጣል፤ ተውሳኩን ይዞ ይቀጥላል። ሁለት። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። የጤና ሠራተኞች ሽጉጥ ባለበት ቦታ መቆየት ስለማይችሉ ጤና ኬላው ይዘጋል። በወቅቱ በቆፋሪዎች እጅ ገብቶ የነዳጅ ማከማቻ የሆነ ጤና ኬላ ነበር። ንክሻው በጨመረበት ወር ክኒኑ ጠፋ ማለት ነው።

ወባ የተነሳበት አባወራ ደግሞ አያድንም፣ አይተክልም። በመንደሩ የሚችሉት ሁሉ ባንድ ሳምንት ከተኙ ማሳው ወቅቱን ያልፋል። የሚቀጥለው ዓመት ረሃብ የተዘራው ያኔ ነው፤ የተራበ ሕፃን ደግሞ ወባን አይቋቋምም። እንግዲህ ሞት ላይ የምናየው ልዩነት በትንኝ ንክሻ ብዛት ብቻ አይለካም።

ደም የሚናገረውና የማይናገረው

አንባቢ እስካሁን «የዘር ጉዳይስ?» ሳይል አልቀረም። አለ፤ ሆኖም ከምንገምተው ይልቅ ጠመዝማዛ ነው።

ወባ የሰውን ዘረመል ከቀረጹ በሽታዎች ዋነኛው ነው። ተውሳኩ የሚኖረው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ሕዋሱን በጥቂቱ የሚለውጥ ውርስ ሁሉ ወባ በበዛበት አገር ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። በ1954 አንቶኒ አሊሰን ያሳየው ይህን ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠውን የማጭድ ሕዋስ ውርስ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ በእጅጉ ይጠበቃል። ከሁለቱም የወረሰው ግን ጽኑ የደም በሽታ ይይዘዋል። ታሩዎች ዘንድ ያለው ሌላ ነው፤ አልፋ ታላሴሚያ ይባላል፤ በሕዝቡ ውስጥ እጅግ የተስፋፋ ነው። በ1991 የታተመ ጥናት እዚያው ታራይ ውስጥ አብረዋቸው ከሚኖሩት ሌሎች ሰዎች ጋር ሲያወዳድር የታሩዎቹ ወባ ወደ ሰባት እጥፍ ያነሰ ሆኖ አገኘው። «አጥር» ያልኩት ከዚህ ውርስ የቆመ ነበር።

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ግን እንዲህ ያለ አጥር የላቸውም። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ወደ አሜሪካ የተሻገረው ከአፍሪካ ሰዎችን በባርነት በጫኑ መርከቦች ነው፤ አምስት መቶ ዓመት ለዘረመል አጭር ጊዜ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ወደ ቀይ ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበት ዳፊ የተባለ በር አለ፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይህ በር የለውም፤ አማዞን ነባሮች ግን አላቸው። ስለዚህ ያኖማሚው በደኑ ውስጥ ስለኖረ ብቻ ወባን «ለምዶታል» ማለት አይቻልም። ደኑ የቆየ ነው፤ ወባው ግን እንግዳ ነው።

ጠመዝማዛነቱን ለማየት ወደ ቡርኪና ፋሶ እንሂድ። ከዋና ከተማዋ ከዋጋዱጉ ብዙም በማይርቁ መንደሮች ሞሲ፣ ፉላኒና ሪማይቤ የሚባሉ ሕዝቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ተመራማሪዎች ትንኝ ቆጠሩ፤ ሦስቱም የሚነከሱት ተመሳሳይ ነው። ደም መረመሩ፤ ፉላኒዎቹ ዘንድ ተውሳኩ ያነሰ ነው፣ ትኩሳታቸውም ያነሰ ነው። ውጤቱ የታተመው በ1996 ነው። «የማጭድ ሕዋስ ይሆናል» ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ ግን ፉላኒዎቹ ያን መሰል የታወቁ ውርሶች ከጎረቤቶቻቸው ያነሰ እንጂ የበለጠ የላቸውም። ልዩነቱ ያለው ሰውነታቸው ለተውሳኩ በሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ወባን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው ይበዛሉ፣ ጣፊያቸውም ይበልጥ ያብጣል። ሪማይቤዎች ደግሞ ከፉላኒ ጋር ቋንቋና ባህል የሚጋሩ፣ ቀድሞ አገልጋዮቻቸው የነበሩ፣ በዘር ግን የተለዩ ናቸው፤ ውጤታቸው ከሞሲ ጋር ይሄዳል። ልዩነቱ የመጣው ከባህል ወይም ከአኗኗር ነው እንዳይባል ሪማይቤዎች ማስረጃ ናቸው።

ኡጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ካኑንጉ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የብዊንዲ ደን በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የደኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት ባትዋዎች ከደኑ ተባረሩ። ዛሬ ከባኪጋ ጎረቤቶቻቸው ጋር በተመሳሳይ ኮረብታ ይኖራሉ፤ ጥናቶች ግን ባትዋዎቹ ዘንድ ወባ ይበልጥ እንደሚገኝ አሳይተዋል። እዚህ ልዩነቱን ለማስረዳት ደም ፍለጋ ከመሄድ በፊት የሚታየውን ማየት ይበቃል፤ የራስ መሬት የለም፣ ምግብ አይበቃም፣ ቤቱ ትንኝ በሚያስገባ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ነባር ሕዝብ ይበልጥ የሚታመመው «ደን ውስጥ ስለሚኖር ነው» ለሚሉ ሁሉ ባትዋዎች መልስ ናቸው፤ ከደን ወጥተውም ታመሙ።

ከንክሻው እስከ ክኒኑ

ፋልሲፓረም ወደ ትንኝ ለመሻገር የሚያስፈልገውን ዓይነት ሕዋስ የሚያወጣው በደም ውስጥ ከገባ አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ትኩሳት በያዘው በሁለተኛው ቀን ታክሞ ቢድን ለሌላ ሳያስተላልፍ ይቀራል። ጤና ኬላው በታንኳ የሦስት ቀን መንገድ ከሆነ ግን በሽተኛው ሲደርስ መንደሩ ውስጥ ያሉት ትንኞች ከእሱ ጠጥተው ጨርሰዋል። ርቀት ሕሙሙን ብቻ አይጎዳም፤ ወባውን ራሱን ያባዛል።

ቫይቫክስ ሌላ ተንኮል አለው። በጉበት ውስጥ የሚያንቀላፋ ቅርጽ ትቶ ይቀመጣል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንክሻ ይነሳል። «ወባዬ ተነሳብኝ» የምንለው አባባል ለቫይቫክስ ቃል በቃል እውነት ነው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ ጉበት ውስጥ ያንቀላፋውን ለመግደል በብዛት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ነው፤ እሱም ለቀናት በተከታታይ ይወሰዳል። ጂሲክስፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ከወሰደው ቀይ ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ ቅድሚያ ምርመራ ይፈልጋል። ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። አሁን ነርሷ በወር አንድ ጊዜ በትንሽ አውሮፕላን የምትመጣበትን መንደር አስብ። ሰባት ቀን የሚወሰድ ክኒን ሰጥታ በማግስቱ ትመለሳለች። ሰዉ በሦስተኛው ቀን ተሽሎታል፤ ለአደን ይወጣል። ቀሪው ክኒን ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሁለተኛው ወር ወባው ሲነሳ መዝገቡ «አዲስ ሕመም» ብሎ ይጽፈዋል፤ ከአዲስ ንክሻ የመጣ ይመስላል፤ ሆኖም ያው ያልታከመው ነው።

ስለ መዝገብ ካነሳን፣ ቁጥር የሚያነብ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2023 ያወጣው ግምት 263 ሚሊዮን ሕመምና 597 ሺህ ሞት ነው፤ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ። ይህ ቁጥር ነባርና ነባር ያልሆነ ብሎ አይከፍልም፤ አብዛኞቹ አገሮች የሕሙሙን ብሔረሰብ በቅጹ ላይ አይጠይቁም። ደግሞም በወባ ባለሙያዎች እንግሊዝኛ «ነባር» የሚለው ቃል ለሕመምም ያገለግላል፤ «ነባር ወባ» ሲሉ አገር ውስጥ የተያዘ፣ ከውጭ ያልመጣ ማለታቸው ነው እንጂ የነባር ሕዝብ ወባ ማለታቸው አይደለም። ማሌዥያ ከ2018 ጀምሮ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፈው ወባ አንድም «ነባር ሕመም» አልመዘገበችም፤ ይህን አንብቦ ኦራንግ አስሊ የሚባሉት የአገሪቱ ቀደምት ሕዝቦች ከወባ ነጻ ወጡ ብሎ የሚደመድም ሰው ገጥሞኛል። እዚያ ከዝንጀሮ ወደ ሰው የሚሻገር ኖሌሲ የተባለ ወባ አሁንም በጫካና በእርሻ የሚውለውን ሁሉ፣ ነባርም ሆነ አልሆነ፣ ይይዛል።

ሌላም አለ። ወባ የሚቆጠረው የሚቆጥረው ሰው ሲኖር ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ደሞዝ ቀርቶበት መንደሩን ቢለቅ በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱ ላይ ወባ «ይጠፋል»። በፈጣን መመርመሪያውም ላይ ችግር ተገኝቷል፤ በ2010 ተመራማሪዎች ፔሩ አማዞን ውስጥ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማይሠራ ፋልሲፓረም አግኝተዋል። በሽተኛው እያንቀጠቀጠው መመርመሪያው «የለም» ይላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ለመያዝ የሞከረ ሥራ ካየሁት ውስጥ የኦዲሻው ይጎላል። ኦዲሻ የሕንድ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር ናት፤ ከሕዝቧ ከአምስት አንዱ በላይ አዲቫሲ፣ ማለትም የጎሣ ነባር ሕዝብ ነው፤ ብዙዎቹ ኮረብታና ደን ውስጥ ይኖራሉ። በ2016 ብቻዋን ከ400 ሺህ በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች፤ ከሕንድ ወባ ሁለት አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። በ2017 ክፍለ ሀገሯ «ዳማን» የሚል ዘመቻ ጀመረች። ቡድኖች መንገድ ወደማይደርስባቸው መንደሮች በእግር ገብተው ትኩሳት ያለበትንም የሌለበትንም፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ሁሉንም ይመረምራሉ፤ የተገኘበትን እዚያው ያክማሉ። አብሮም ኬሚካል የተነከረ አጎበር ለሰው ሁሉ ታደለ። ከላይ ያነሳነው፣ እንጨት የሚፈልጠው «ጤነኛ» ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው በዚህ ዘዴ ነው። በ2018 የሕሙማኑ ቁጥር ከ70 ሺህ በታች ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ግን መልሶ ማሻቀብ ጀምሯል፤ በ2023 የተመዘገበው ከቀዳሚው ዓመት በጣም በልጦ ተገኝቷል። በነዚያ ኮረብታዎች ላይ ከዘመቻው በኋላ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከፍ ብሏል። ወባን እንደ ወላጆቹ በልጅነቱ ደጋግሞ አላየውም፤ ሰውነቱ አያውቀውም። አጎበሩ ደግሞ በሦስት ዓመት ይሳሳል።